የዓለም የሴቶች ጂምናስቲክ ሻምፒዮና፦ ድሬዳዋ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄው መብዛት የጀመረው ከፓሪሱ ኦሎምፒክ ወዲህ ነው። አንዲት የ17 ዓመት አልጄሪያዊት በዘንግ ላይ ተወንጭፋ ወርቅ ስትወስድ ያየ ሁሉ፣ ከከዚራ እስከ ሳቢያን፣ ባገኘኝ ቁጥር አንድ ነገር ሳይጠይቀኝ አያልፍም። ጥያቄዎቹ ይመሳሰላሉ። ስለዚህ አንድ ቦታ ሰብሰብ አድርጌ ልመልሳቸው። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሰዓቱ ግን፣ ካልተባለ በቀር፣ የኛው ነው።

የዓለም ሻምፒዮናው ከኦሎምፒክ በምን ይለያል?

በኦሎምፒክ ጂምናስቲክ ከብዙ ስፖርቶች አንዱ ነው። እዚህ ግን ሌላ ስፖርት የለም፤ ሳምንቱን ሙሉ ጂምናስቲክ ብቻ ነው። የሚመራው ዓለም አቀፉ የጂምናስቲክ ፌዴሬሽን ነው። በ1881 የተመሠረተ ሲሆን መቀመጫው ስዊዘርላንድ፣ ሎዛን ነው። የመጀመሪያው ሻምፒዮና በ1903 ቤልጂየም፣ አንትወርፕ ላይ ሲካሄድ የተወዳደሩት ወንዶች ብቻ ነበሩ። ሴቶች የገቡት በ1934 ቡዳፔስት ላይ ነው።

አሁን ውድድሩ በየዓመቱ ይካሄዳል፤ ኦሎምፒክ ባለበት ዓመት ብቻ ይቀራል። ብዙ ሰው የሚያምታታው ሌላ ነገርም አለ። ከኦሎምፒክ ቀጥሎ ባለው ዓመት የቡድን ውድድር የለም። የ2025ቱ የጃካርታ ሻምፒዮና የግል ብቻ የነበረው ለዚህ ነው። «አሜሪካ ቡድን አላመጣችም እንዴ?» ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ፣ ማንም አላመጣም። የ2026ቱ ሮተርዳምና የ2027ቱ ቼንግዱ ግን ቡድንም አላቸው።

ሰፈራችን ያሉ የሰርከስ ልጆችም ይገለባበጣሉ። ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

ልዩነቱ ቅጣቱ ላይ ነው። ሰርከስ የሚሠራ ልጅ ሲያርፍ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ቢረግጥ ተመልካቹ ያጨበጭብለታል። ጂምናስቲክ ላይ ያቺ እርምጃ ትንሽ ከሆነች 0.1፣ ሰፋ ካለች 0.3 ታስቀንሳለች። ጉልበት ትንሽ ታጠፈ፣ ይቀነሳል። የእግር ጣት አልተዘረጋም፣ ይቀነሳል። የሰርከስ ልጆቻችን ብዙውን እንቅስቃሴ ሲያዩት ያውቁታል። ይህን ስፖርት ከሌላው ተመልካች ቀድመው የሚረዱት እነሱ ይመስሉኛል።

በሪባን፣ በኳስና በቀለበት የሚሠራው ደግሞ ሪትሚክ ጂምናስቲክ ይባላል፤ ሌላ ውድድር ነው። ትራምፖሊንም እንዲሁ።

ሴቶች በስንት መሣሪያ ይወዳደራሉ?

በአራት። ወንዶች ስድስት አላቸው፤ እዚህ የምናወራው ግን ስለ ሴቶቹ ነው።

አንደኛው ቮልት ነው። ልጅቷ ቢበዛ 25 ሜትር ሮጣ፣ በሚያነጥረው መርገጫ ተነስታ፣ 125 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለውን ጠረጴዛ በእጇ ገፍታ፣ አየር ላይ ተገልብጣ ታርፋለች። ጥቂት ሰከንድ ነው። ዓይናችሁን ካሻሻችሁ አልፏል።

ሁለተኛው ከፍና ዝቅ ብለው የተተከሉት ሁለት ዘንጎች ናቸው። ላይኛው 250፣ ታችኛው 170 ሴንቲ ሜትር ከወለሉ ይርቃሉ። ሦስተኛው ቢም ነው፤ ከፍ ብሎ የተተከለ ጠባብ አግዳሚ። ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ከፍታው 125 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 10 ሴንቲ ሜትር። መዳፋችሁን ከነአውራ ጣቱ ገጥማችሁ ጠረጴዛ ላይ አኑሩት፤ ስፋቱ ያው እሱ ነው። እዚያ ላይ ወደ ኋላ ይገለበጣሉ። አራተኛው ወለሉ ነው፤ 12 በ12 ሜትር ሆኖ ከስር ስፕሪንግ አለው። ቢምም ወለልም ከ90 ሰከንድ ማለፍ አይፈቀድም።

የመሣሪያ ልክ ቀልድ አይደለም። በ2000 ሲድኒ ኦሎምፒክ፣ በሴቶች የግል አጠቃላይ ፍጻሜ (የአራቱም መሣሪያ ነጥብ በሚደመርበት)፣ ቮልቱ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ተደርጎ ተተክሎ ነበር። ዓለም ያወቃቸው ልጆች በአፍ ጢማቸው ሲተከሉ ሁሉም የጭንቀት ጉዳይ መሰለው። ልክ አለመሆኑን ያስተዋለችው አውስትራሊያዊቷ አላና ስሌተር ነበረች። ሲለካ እውነትም ዝቅ ብሏል። ቀድመው የዘለሉት እንደገና እንዲዘሉ ተፈቀደ። ግን ሩሲያዊቷ ስቬትላና ኮርኪና ቮልት ላይ ከወደቀች በኋላ ዘንግ ላይም ወድቃ ነበር። ሞራሏ አንዴ ተሰብሯል። ዘንጉን ማን ይመልስላት?

ውድድሩ ስንት ቀን ነው? የትኛው ቀን ምን እንደሚወሰን ግራ ይገባኛል።

ግራ የሚያጋባው አራት ውድድር በአንድ ስም መጠራቱ ነው። እያንዳንዱን ቀን ለብቻው ብታዩት ይቀላል።

መጀመሪያ ማጣሪያ አለ። ሴቶቹ ብዙ ስለሆኑ በየምድቡ ተከፍለው ሁለት ቀን ይፈጃል። አንዲት ልጅ ማጣሪያው ላይ የምትሠራው ሥራ በአንድ ጊዜ ለሦስት ነገር ይቆጠራል፦ ለቡድኗ፣ ለራሷ አጠቃላይ ውጤት፣ እና ለየመሣሪያው። ስለዚህ ከሁሉም ቀን የሚያስፈራው እሱ ነው። ሜዳሊያ ስለማይሰጥበት ሰው አያየውም እንጂ ብዙ ልቅሶ ያለው እዚያ ነው።

ከዚያ የቡድን ፍጻሜ ይመጣል። 8 ቡድን ያልፋል። ቀጥሎ የግል አጠቃላይ ፍጻሜ። ማጣሪያው ላይ አራቱንም መሣሪያ ከሠሩት መካከል 24 ልጆች ያልፋሉ፤ አራቱንም እንደገና ሠርተው ነጥቡ ይደመራል። የዓለም ሻምፒዮን ሲባል በብዙ ሰው አፍ የሚጠራው የዚህች አሸናፊ ነው። በጃካርታ ያለ አገር ባንዲራ፣ በገለልተኛነት የተወዳደረችው ሩሲያዊቷ አንጀሊና ሜልኒኮቫ ነበረች።

መጨረሻ ላይ የየመሣሪያው ፍጻሜ አለ። ለእያንዳንዱ መሣሪያ 8 ልጅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቮልትና ዘንግ በአንዱ ቀን፣ ቢምና ወለል በማግስቱ ይሆናል።

አሁን ዋናውን ያዙ። ወደ ፍጻሜ የሚተላለፍ ነጥብ የለም። ማጣሪያውን በሰፊ ልዩነት የመራ ቡድንም በጭንቅ ስምንተኛ ሆኖ ያለፈ ቡድንም በፍጻሜው ከዜሮ ይጀምራሉ። ድሮ እንዲህ አልነበረም፤ የማጣሪያው ነጥብ ተይዞ ይሄድ ነበር። እኔ የአሁኑን እመርጣለሁ። ሌሊት ተኝቶ ያደረ ሰውም ጠዋት ተነስቶ ፍጻሜውን ብቻ አይቶ ይረዳዋል።

«5-4-3» የሚባለው ነገር ምንድነው? ኮሜንታተሩ ደጋግሞ ያነሳዋል።

ቡድን ውስጥ 5 ልጆች አሉ። ማጣሪያው ላይ በእያንዳንዱ መሣሪያ 4ቱ ይሠራሉ። ከአራቱ ነጥብ ከፍተኞቹ 3ቱ ብቻ ይያዛሉ።

በምሳሌ ላስረዳ። ቢም ላይ አራቱ ልጆች 14.1፣ 13.8፣ 13.5 እና 12.0 አመጡ እንበል። አራተኛዋ ወድቃለች ማለት ነው። የሷ 12.0 ይጣላል። ሦስቱ ተደምረው ለቡድኑ 41.4 ይያዛል። ያቺ የወደቀች ልጅ ለራሷ ታዝናለች እንጂ ቡድኑን አልጎዳችም።

ፍጻሜው ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። 3 ይሠራሉ፣ 3ቱም ይያዛሉ። የሚጣል ነጥብ የለም። አንዷ ከቢም ከወደቀች አንድ ሙሉ ነጥብ ከቡድኑ ላይ ሄደ፤ ማንም አይተካውም። የአራት መሣሪያ ሦስት ሦስት፣ በድምሩ 12 ሥራ ነው። አንደኛና ሁለተኛ የሚለያዩት አንዳንዴ በአንድ እርምጃ ነው። ከሳምንቱ አንድ ቀን ብቻ የማየት ጊዜ ካላችሁ፣ የቡድን ፍጻሜውን እዩ። የግል አጠቃላዩን የሚያስቀድሙ ብዙ ናቸው፤ እኔ አልስማማም። ለራስ መውደቅ አንድ ነገር ነው። ዳር ቆመው የሚጠብቁ አራት ጓደኞች ፊት መውደቅ ሌላ ነው።

ይህ አሠራር ለአሠልጣኞች ከባድ ሒሳብ ነው። አራቱንም መሣሪያ ደህና የምትሠራ ልጅ ትሻላለች ወይስ ዘንግ ላይ ብቻ ወደር የሌላት? መልሱ ከአገር አገር ይለያያል። ደግሞም ድንገተኛ ነገር አለ። በ2023 አንትወርፕ ላይ አሜሪካዊቷ ጆስሊን ሮበርሰን ከቡድን ፍጻሜው በፊት በማሟሟቂያ ላይ እግሯን ተጎዳች። ሊያን ዎንግ በድንገት ተነስታ ቮልት ላይ ተተካች። አሜሪካ አሸነፈች፤ በተከታታይ ሰባተኛው የቡድን ወርቃቸው ነበር።

ከአንድ አገር ሁለት ልጅ ብቻ የሚያልፈው ለምንድነው? ግፍ አይደለም?

በግል አጠቃላዩም ሆነ በየመሣሪያው ፍጻሜ ከአንድ አገር የሚያልፉት ቢበዛ ሁለት ናቸው። ሦስተኛዋ ከዓለም አራተኛ ብትሆንም ቁጭ ብላ ታያለች። ኦሎምፒክም ላይ ሕጉ ያው ነው። የ2011 የዓለም ሻምፒዮኗ ጆርዲን ዊበር በ2012 ለንደን ማጣሪያ ላይ አራተኛ ወጣች። ከፊቷ ሁለት የአገሯ ልጆች ስለነበሩ ፍጻሜውን አልተወዳደረችም። ስታለቅስ ዓለም አይቷታል።

ግፍ ነው ብትሉ አልከራከራችሁም። ሕጉ ባይኖር ግን አንዳንዱ ፍጻሜ የአሜሪካና የቻይና የውስጥ ሻምፒዮና ይሆን ነበር። ከትናንሽ አገር የመጣች ልጅ ባንዲራዋን የምታሳይበት ቦታ የተገኘው በዚህ ሕግ ነው። በዚያ በኩል ስታዩት ለኛ አህጉር ይጠቅማል።

ነጥቡ እንዴት ነው የሚሰላው? 15.700 ከየት መጣ?

ሁለት ነጥብ ነው የሚደመረው። አንዱ ዲ፣ ሌላው ኢ ይባላል። ቴሌቪዥኑ ላይ ሁለቱም ለየብቻ ይታያሉ።

ዲ የክብደት ነጥብ ነው። ከዜሮ ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣል። በዘንግ፣ በቢምና በወለል ላይ ከሠራችው ውስጥ ከባዶቹ 8 እንቅስቃሴዎች ይቆጠራሉ። እንቅስቃሴዎቹ በፊደል ተለይተዋል። ኤ 0.1 ነው፣ ቢ 0.2፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። አሜሪካዊቷ ሲሞን ባይልስ በ2019 ሽቱትጋርት ወለል ላይ ያሳየችው፣ አየር ላይ ሁለት ጊዜ ተገልብጣ ሦስት ጊዜ የምትዞርበት፣ ጄ ተብሎ 1.0 ተሰጥቶታል። በስሟም ይጠራል። አዲስ እንቅስቃሴ በትልቅ ውድድር ላይ ቀድማ በትክክል የሠራች ልጅ ስሟ የነጥብ አሰጣጥ ደንቡ መጽሐፍ ላይ ይገባል። ከዚህ ሌላ የግድ መሟላት ያለባቸው ነገሮች አሉ፤ ሁሉም ከተሟሉ 2.0 ያመጣሉ። ከባድ እንቅስቃሴዎችን ሳትቆም ብታያይዛቸው ተጨማሪ አለው። ቮልት ብቻ ይለያል። እያንዳንዱ ዝላይ ቀድሞ የተወሰነ ዋጋ አለው።

ኢ የአሠራር ጥራት ነው። ከ10 ይነሳል። ከዚያ በኋላ እንደ አሸዋ ገበያ ክርክር ወደ ታች ብቻ ነው የሚሄደው። ትንሽ ስህተት 0.1፣ መካከለኛ 0.3፣ ትልቅ 0.5፣ መውደቅ 1.0። ብዙ ዳኞች ይሰጣሉ፤ ዳር ዳር ያሉት ተቆርጠው የመሃለኞቹ አማካይ ይያዛል። አንድ ዳኛ ወገኑን ልጥቀም ቢል ብዙም አይሳካለትም።

ወደ ጥያቄው እንመለስ። በፓሪስ የዘንግ ፍጻሜ ያቺ አልጄሪያዊት፣ ካይሊያ ኔሙር፣ ዲ 7.2፣ ኢ 8.5 አገኘች። ድምሩ 15.700። ቻይናዊቷ ቺዩ ቺዩዋንም ዲዋ 7.2 ነበር። ኢዋ ግን 8.3፣ ድምሩ 15.500። ክብደቱ እኩል ነው። ወርቁንና ብሩን የለየው 0.2 ብቻ ነው፤ ያውም ከጥራት። ሦስተኛ የወጣችው አሜሪካዊቷ ሱኒሳ ሊ ዲዋ 6.4 ስለነበር ከመጀመሪያውም ወደ ኋላ ነበረች፤ 14.800 አመጣች።

ከዚህ ሌላ ዳኞች በቀጥታ የሚቀንሱት አለ። ወለል ላይ ከመስመር አንድ እግር ሲወጣ 0.1፣ ሁለቱም ሲወጡ 0.3። 90 ሰከንድ ያለፈችም ትቀጣለች።

ድሮ 10 ነበር የሚባለው። 10 የት ሄደ?

በ2006 ቀረ። ከዚያ በፊት ጣሪያው 10 ነበር። በ1976 ሞንትሪያል ላይ ሩማንያዊቷ ናዲያ ኮማነች በኦሎምፒክ የመጀመሪያውን 10 ስታገኝ ሰሌዳው ያሳየው 1.00 ነው። ለ10 የሚሆን ቦታ አልነበረውም። አሁን ጣሪያ የለም፤ ኢ ብቻ ከ10 አያልፍም። የድሮውን የሚናፍቁ አሉ። ለቲቪ ተመልካች 10 ቀላል ነበር፤ እውነት ነው። ነገር ግን በጣም ከባድ የሠራችውና ቀለል ያለውን አሳምራ የሠራችው ልጅ ጣሪያው ላይ ሲገናኙ የሚለያያቸው አልነበረም።

ልጅቷ ወድቃ አሸነፈች። እንዴት ሆኖ?

መውደቅ 1.0 ያስቀንሳል እንጂ አያባርርም። የዲ ነጥቧ ከሌሎቹ ከአንድ በላይ የሚበልጥ ከሆነ ወድቃም ልትመራ ትችላለች። ባይልስ ይህን ደጋግማ አሳይታለች። በዓለም ሻምፒዮና ብቻ 30 ሜዳሊያ አላት፤ 23ቱ ወርቅ ናቸው።

ከወደቀች በኋላ ግን ሰዓት ይቆጠርባታል። ቢም ላይ ለመመለስ 10 ሰከንድ አላት፣ ዘንግ ላይ 30። ዘንግ ላይ የበዛው እጇን እንደገና ነጭ ዱቄት መቀባት ስላለባት ነው። ዱቄቱ ማግኒዥየም ካርቦኔት ነው፤ ላብ ይመጥጣል፣ እጅ እንዳይንሸራተት ያደርጋል። በኛ ሙቀት ቢሆን በከረጢት ነበር የሚያስፈልገን።

እኩል ነጥብ ቢያመጡስ?

የዓለም ሻምፒዮና ላይ ሜዳሊያ መጋራት ታይቷል። በ2015 ግላስጎው በዘንግ ፍጻሜ አራት ልጆች እኩል ነጥብ አምጥተው አራቱም ወርቅ ወሰዱ። ሁለት ሩሲያውያን፣ አንዲት ቻይናዊትና አንዲት አሜሪካዊት። መድረኩ ጠቧቸው ነበር። ኦሎምፒክ ግን ማለያያ አለው፤ ኢ ነጥቧ የበለጠችው ትቀድማለች።

አሠልጣኝ ነጥብ ላይ መከራከር ይችላል?

በዲ ላይ ብቻ ይችላል። በኢ ላይ አይቻልም። አቤቱታው የሚቀጥለዋ ልጅ ነጥብ ከመውጣቱ በፊት መቅረብ አለበት። የመጨረሻዋ ተወዳዳሪ ከሆነች ደግሞ 1 ደቂቃ ብቻ አለ። ገንዘብ ተይዞ ነው፤ ዝም ብሎ መጮህ የለም።

ያቺ አንድ ደቂቃ በፓሪስ ስንት ነገር አመጣች። ወለል ፍጻሜ ላይ አሜሪካዊቷ ጆርዳን ቻይልስ የመጨረሻ ተወዳዳሪ ነበረች። አሠልጣኟ አቤት ብላ ነጥቡ ከ13.666 ወደ 13.766 ከፍ አለ፤ ነሐስ አገኘች። ቀናት ቆይቶ የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤቱ አቤቱታው 4 ሰከንድ ዘግይቷል አለ። ሜዳሊያው 13.700 ላመጣችው ሩማንያዊት አና ባርቦሱ ተሰጠ። አሜሪካኖቹ አልተቀበሉትም፤ ጉዳዩ ወደ ስዊዘርላንድ ፍርድ ቤት ሄደ። እዚህ ላይ የኔ ሐሳብ አጭር ነው። ሰዓቱን የሚይዝ ሰው በአግባቡ ያልመደበ አዘጋጅ ካለ፣ ሁለቱም ልጆች ተበድለዋል።

ሙስሊም ቤተሰብ ነን። ልጅቷ እግሯን ሸፍና መወዳደር ትችላለች?

ይህን ጥያቄ ከሐረርም ከመጋላም ደጋግሜ ሰምቻለሁ። አዎ፣ ትችላለች። ሕጉ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ልብስ ይፈቅዳል፤ ነጥብም አያስቀንስም። በቶኪዮ ኦሎምፒክ የጀርመን ሴቶች ቡድን በሙሉ ማጣሪያው ላይ እንደዚህ ለብሶ ገብቷል። የእነሱ ምክንያት ሃይማኖት አልነበረም፤ ሴት ልጅ የሚመቻትን ትልበስ የሚል ነበር። ልብሱ ከሰውነት ጋር የተጣበቀ መሆኑ ግን አይቀርም። ሰፊ ልብስ ዘንግ ላይ ይጠላለፋል፤ ዳኛውም የጉልበቷን መስመር ማየት አለበት። ከዚህ በላይ ያለውን የምትወስኑት እናንተው በቤታችሁ ናችሁ።

ስንት ዓመት ሲሞላት ነው የምትወዳደረው?

በውድድሩ ዓመት ውስጥ 16 የሚሞላት መሆን አለባት። ይህ ሕግ ከ1997 ጀምሮ ይሠራል። ናዲያ ሞንትሪያል ላይ 14 ነበረች፤ ዛሬ ብትሆን አይፈቀድላትም ነበር። ለታናናሾቹ የወጣቶች የዓለም ሻምፒዮና አለ፤ የመጀመሪያው በ2019 ሃንጋሪ ላይ ተካሂዷል።

ወደ ላይ ገደብ የለም። የኡዝቤኪስታኗ ኦክሳና ቹሶቪቲና በ1975 ተወልዳ ከ1992 ባርሴሎና እስከ ቶኪዮ ድረስ 8 ኦሎምፒክ ተወዳድራለች።

ከአፍሪካ ማን አለ? ከኛስ ለምን አንድም ሰው አናይም?

ከአፍሪካ መጀመሪያ የሚጠራው ስም ካይሊያ ኔሙር ነው። ተወልዳ ያደገችው ፈረንሳይ ነው፤ በአባቷ በኩል አልጄሪያዊት ናት። በ2023 አንትወርፕ በዘንግ ብር ስትወስድ ከአፍሪካ የመጀመሪያዋ የዓለም ሻምፒዮና ባለ ሜዳሊያ ሆነች። በ2024 ፓሪስ ላይ ወርቅ፣ በ2025 ጃካርታ ላይ እንደገና ወርቅ። ከሷ ሌላ ግብፅና ደቡብ አፍሪካ ልጆች ይልካሉ።

ወደዚያ የሚያስገባው ዋናው በር የአህጉር ሻምፒዮና ነው። ለኛ የአፍሪካው ማለት ነው። ከባዱ ነገር ግን ከዚያ በፊት ያለው ነው። ለሯጭ መንገድ ይበቃታል። ጂምናስቲክ አዳራሽ፣ ስፕሪንግ ያለው ወለል፣ ቢም፣ ዘንግ፣ ወፍራም ፍራሽና ዕለት በዕለት የሚቆም አሠልጣኝ ይፈልጋል። ያ ሁሉ አንድ ላይ ሳይገኝ «ልጆቻችን ድፍረት የላቸውም» የሚል ሰው ስሰማ እናደዳለሁ። ድፍረትማ አለ፤ ማታ ማታ ባዶ መሬት ላይ የሚገለበጡትን ያየ ያውቃል።

ድሬ ሆኜ በስንት ሰዓት ነው የማየው? ካፌ ይከፍቱልናል?

ሮተርዳም ከኛ በ1 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ፕሮግራሙ ላይ 20፡00 ካለ፣ እኛ ጋ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ። አውሮፓውያን በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ይመልሳሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልዩነቱ 2 ሰዓት ይሆናል፤ 20፡00 ያለው ከምሽቱ 4 ሰዓት ማለት ነው። ቼንግዱ ደግሞ ከኛ በ5 ሰዓት ይቀድማል። እዚያ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን ድሬ ገና ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ ፀሐዩ አናት የሚበሳበት፣ ሰው በርጫው ላይ የሚሰበሰብበት ሰዓት። ለተመልካች ከዚህ የተመቸ የለም።

ካፌውን በተመለከተ ተስፋ አላስቆርጣችሁም፣ ግን ፕሪሚየር ሊግ ባለበት ቅዳሜ ቻናል ቀይሩልን ማለት ጠብ መፈለግ ነው። የየመሣሪያው ፍጻሜ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቅዳሜና እሑድ ላይ ይወድቃል። በስልክ ማየት ይሻላል። የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የዩቲዩብ ገጽ ላይ የድሮ ፍጻሜዎች በብዛት አሉ። ዋይፋይ ያለበት ቦታ አንድ ሁለቱን አውርዳችሁ አስቀምጡ። ሙሸበክ በሻይ እየበላችሁ የ2022 ሊቨርፑልን፣ ብራዚላዊቷ ሬቤካ አንድራዴ ያሸነፈችበትን፣ ብታዩ አትቆጩም።

ልጄ 8 ዓመቷ ነው፤ ስልክ አይታ ሶፋ ላይ ትገለበጣለች። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ሶፋውን ከግድግዳው አርቁት። ከዚያ አሠልጣኝ ፈልጉ፤ የትምህርት ቤቷ የስፖርት መምህር ወይም ሰርከስ የሚያሠለጥን ሰው ይሆናል። ሄዳችሁ እዩ። ፍራሽ አለ ወይ? ልጆቹን ከመገልበጥ በፊት አንገትና የእጅ አንጓ ያሟሙቃሉ ወይ? አወዳደቅ ያስተምራሉ ወይ? በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ኋላ ገልብጦ የሚያሳያችሁ ሰው ቢያስደንቅም አትቀበሉት። ሲሚንቶ ላይ ወደ ኋላ መገልበጥ ደግሞ ማንም ቢያሠራት አይሆንም። በእጅ መቆም፣ እንደ መንኮራኩር ወደ ጎን መዞር፣ መለጠጥ፤ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃታል።

የወለሉ ሙዚቃ ለምን ዘፈን የለውም?

ሕጉ ግጥም ያለው ሙዚቃ ስለማይፈቅድ ነው። የሰው ድምፅ እንደ መሣሪያ ብቻ፣ ያለ ቃል፣ ይቻላል። ወንዶቹማ ወለል ላይ ሙዚቃም የላቸውም።